የተነሳ አይነሳለትም

«የተነሳ አይነሳለትም» አሉ ጋሽ ፀሃዬ። ከጠዋት ጀምሮ ሲሉት ይህ ሦስተኛቸው ነው።

አፍራህ የጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ ክርኗን አስደግፋ በስልኳ እየደወለች ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጋ ወደ ጆሯቸው አስጠጋችው። አንዴ ጠራ። «ወደ እስትንፋስ ኦክስጅን እንኳን ደህና መጡ» አለ የተቀዳው ድምፅ፤ ወዲያው ደግሞ የእውነት ሰው ተከተለ። «እስትንፋስ፣ ሰብሊ ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«ለሙከራ ነው ሰብሊዬ፣ ይቅርታ» ብላ ዘጋችው። «ይኸው ተነሳ። ገና ከአራት ሰዓቱ።»

«ላንቺማ ይነሳል። አንቺ መቼ ተነሳሽ!»

«ጋሽ ፀሃዬ፣ ስልክ እኮ ሰው አይመርጥም።»

«ስልኩ ባይመርጥ የሚያነሳው ይመርጣል። ከሰፈራችን ተነስተን ገላን ያለነው የካዛንቺስ ሰዎች እንደውላለን፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ በቃ። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ስድስት ሰው ይህንኑ አለ። ከተማ መሃል ያለ ይነሳለታል። የተነሳ አይነሳለትም።»

አባባሉ እንደሚጥማቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። ችግሩ ሌላውንም ሰው ጥሞታል። ከገላን በአውቶቡስ መጣ፣ በሩን አለፈ፣ ደረጃውን ወጣ፤ ትናንት ደግሞ አንዱ ቪዲዮ ሠርቶበት የእስትንፋስ ባለቤት ዘንድ ደረሰ። ሰውዬው ዛሬ ጠዋት ለአፍራህ አለቃ ለአቶ አምኃ ደውሎ፣ «እስከ ዛሬ ማታ ምክንያቱን በጽሑፍ ካልሰጣችሁኝ አጭር ቁጥሬን ይዤ ሌላ ድርጅት ጋ እሄዳለሁ» ብሏል።

የአፍራህ መሥሪያ ቤት ሥራው ይህ ነው። ለድርጅቶች ባለ አራት አሃዝ አጭር ቁጥር ይከፍታል፣ ይከታተላል። ሕንፃው ካዛንቺስ ዳር ላይ ሳይፈርስ ከቀሩት አንዱ ነው፤ ፊት ለፊቱ ጋሽ ፀሃዬ ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ሰፈር ነበር፤ ዛሬ ሣርና ንጣፍ ድንጋይ፣ መብራትም የያዙ ምሰሶዎች ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አሰፋሽ ሳንባቸው ከታመመ አራት ዓመቱ። የእስትንፋስ መጋዘን ያኔ የአጥር ጎረቤታቸው ነበር፤ ሲሊንደር ሲያልቅ አጥሩን ማንኳኳት ይበቃል። አሁን መጋዘኑ ፈርሶ ሥራው በሙሉ ቄራ ነው፣ እነሱ ገላን፤ በመካከል ያለችው ይህች አጭር ቁጥር ብቻ ናት።

«ይስሙኝ» አለች አፍራህ። «አጭሩ ቁጥር ቤት የለውም። ሽቦም የለውም። ስም ብቻ ነው።»

«ቤት ከሌለውማ ወገናችን ነው።»

ሳቋን ዋጠችው። «እርስዎ በር ላይ ቆመዋል። እንግዳ መጥቶ ሒሳብ ክፍል የት ነው ቢልዎት ምን ያደርጋሉ?»

«ወደ ላይ ደውዬ እጠይቃለሁ። ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ይሆናል፣ ነገ አራተኛ። እኔ በምን አውቄ?»

«በቃ፣ የስልክ ማዞሪያው ማለት እርስዎ ነዎት። ሰው አጭሩን ሲደውል ማዞሪያው የት እንደሚልከው አያውቅም። ጥሪውን ለአፍታ ያቆምና ወደ ላይ ይጠይቃል። ላይ ሠንጠረዥ አለ፤ ‘አሁን ቄራ ላከው’ ይለዋል፤ ይልከዋል። ድሮ እያንዳንዱ ማዞሪያ ሁሉንም በሆዱ መያዝ ነበረበት። አንድ አዲስ አገልግሎት ይጀመር ከተባለ የአገሩን ዘበኛ ሁሉ ሰብስቦ እንደማስተማር ነው፤ ዓመት ይፈጃል። አሁን ላይ ያለውን ሠንጠረዥ መንካት ነው። የእስትንፋስን በአሥራ አንድ ደቂቃ ነው የከፈትኩት። እኔ ራሴ!»

«እና ያ ሠንጠረዥ ማን እንደተነሳ ያውቃል?»

«ምኑንም አያውቅም! እሱ የሚያየው ሁለት ነገር ነው። የትኛው ቁጥር ተደወለ፣ ስንት ሰዓት ነው።»

«ስንት ሰዓት እንደሆነማ እኔም አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ፀሃዬ፣ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ። «ግን ደሞዜ ያው ነው።»

*

አፍራህ ዲግሪ የላትም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ነጥቧ አልሞላም፤ አባቷ ዓብዱልቃድር ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው የጨርቅ ሱቁ አንድ ጥግ ሰጥቷት ነበር፤ እሷ ግን ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጣ አንድ ሰው የጣለውን ባለ ስምንት መቶ ገጽ የቴሌኮም መመሪያ አነበበች። የማይገባትን ሦስት ጊዜ እያነበበች ጨረሰችው። እዚህ ቢሮ በኮንትራት ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ሰኞ ቋሚ ልትሆን ነው፤ ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው የአቶ አምኃ ፊርማ ነው።

ፎቅ ስትደርስ የሥራ ባልደረባዋ ፊሮምሳ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ጠበቃት። «ዶክተር አፍራህ፣ በሽተኛሽ እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው። አሥራ ሁለቴ ደወልኩ፣ አሥራ ሁለቴም ተነሳ።»

«ወሬውስ?»

«ወሬ በሠንጠረዥ አይገባም።»

«እኔ ማለቴ ለአንቺ ብዬ ነው። የሆነ ነገር ቢገኝ ‘መጀመሪያስ ምን ተምራ ነው?’ ይባላል። እኔን ግን…» አለና ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ዲግሪው በአገጩ ጠቆመ።

«ወረቀቱ የተሰቀለው ግድግዳው ላይ ነው፤ የተማረው ግድግዳው ይሆናላ።»

ፊሮምሳ ሳቀ። ክፉ አይደለም፤ ነገር ሲወረወርበት ደስ የሚለው ሰው ነው።

አቶ አምኃ ግን አልሳቁም። ሃያ ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው የመጡ ናቸው፤ ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አይለይም። በእጃቸው ገብቶ ሳይታረም የወጣ ወረቀት የለም፤ የደጁን ማስታወቂያ ሳይቀር ያርማሉ። የሙከራ ሪፖርቷን አገላብጠው አዩ።

«‘በሚገባ ተነስቷል’ አይባልም። ‘መነሳቱ ተረጋግጧል’ ነው።» አረሙት። «ስሚ አፍራህ፣ ሰኞ ፊርማ አለሽ። ዓርብን በሰላም አሳልፊልኝ።»

*

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃው ላይ ከባድ እርምጃ ተሰማ። ጋሽ ፀሃዬ ነበሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ በሩን ጥለው ወደ ላይ ሲወጡ አፍራህ አይታ አታውቅም። ቆባቸውን አላደረጉም፤ ስልካቸውን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጣሉ።

«አይናለም ናት» አሉ። «ልጄ። አነጋግሪያት።»

አፍራህ ስልኩን ተቀበለች። «አይናለም፣ ምንድን ነው?»

«የሲሊንደሩ ጌጅ ቀዩ ላይ ገብቷል» አለች አይናለም፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። «ጠዋት ግማሽ ነበር፤ እማዬ ትንፋሽ በጣም ስላጠራት ከፍ አደረግኩላት። አጭሩ ላይ አሥሬ ደወልኩ፣ ይጠራል፣ አይነሳም! በዚህ አያያዝ ለአሥር ሰዓት አይደርስም።»

«ዝቅ ማድረግ ይቻላል?»

«ከንፈሯ ይጠቁራል። አድርጌው አየሁት እኮ።»

አፍራህ በሌላ እጇ የራሷን ስልክ አንስታ አጭሩን ደወለች። ያው የጠዋቱ ስልክ፣ ያው ቁጥር። «ወደ እስትንፋስ ኦክስጅን እንኳን ደህና መጡ» አለ የተቀዳው ድምፅ። ከዚያ ጠራ። ጠራ። ጠራ።

ጋሽ ፀሃዬ አይተዋት አባባላቸውን አልደገሙትም። ይህ ከመድገም ከፋባት።

የሰብሊን የግል ቁጥር ፈልጋ ደወለች። ገና ሳይጠራ ተነሳ።

«ሰብሊ፣ ስልክ ለምን አታነሺም?»

«የቱን ስልክ? ከምሳ ወዲህ አንድ ሰው አልደወለም። ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሞቷል።»

«የገላኖቹስ?»

«እነሱ ናቸው እኮ የጠፉት። የሩቅ ትእዛዝ የምንቀበለው ከምሳ በኋላ ነው፤ መኪናዋ ጠዋት የቅርቡን ታደርስና ከዚያ የሩቁን ሰብስባ ትወጣለች። እነሱ መደወል ሲተዉ ሳዳምን በጊዜ እናሰናብተው ጀመር።»

«ሾፌሩን? አሁን የት ነው?»

«ከጁምዓ ወጥቶ ይሆናል። ምነው?»

«ጥሪው። አንድ ሲሊንደር ለገላን፣ አሰፋሽ በሚል ስም። ለአሥር ሰዓት ካልደረሰ ሰው ይሞታል። ሰብሊ፣ አሁኑኑ!»

ሰብሊ ጥያቄ አላበዛችም። ስልኩ ሳይዘጋ ስትጮህ ተሰማ፤ «ሳዳምን ጥሩልኝ! ምሳውን ይዞ ይምጣ!»

ጋሽ ፀሃዬ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊሮምሳ ወንበሩን ሰጣቸው፤ አልተቀበሉትም። «እኔ በሩን ትቻለሁ» አሉ ብቻ።

*

የቅርብ ሰው ጠዋት ይደውላል፤ ይነሳለታል። የሩቅ ሰው ከሰዓት በኋላ ይደውላል፤ አይነሳለትም። አፍራህ ደግሞ ሙከራዋን ሁልጊዜ ጠዋት ነው የምታደርገው፤ አእምሮዬ ንጹሕ ሲሆን ትላለች። ወሬው እውነት ነበር፤ የተሳሳተው ምክንያቱ ነው። ሠንጠረዡ ሰው አልመረጠም። ሰዓት ነው የመረጠው።

የእስትንፋስን ገጽ ከፈተች። ሁለት መስመር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው፦ ከ02:00 እስከ 12:00፣ ወደ ቄራ። ሁለተኛው፦ በሌላው ጊዜ፣ ወደ ካዛንቺስ መጋዘን።

ለአፍታ አልገባትም። ከዚያ ቁጥሮቹን ደግማ አነበበች።

«ፊሮምሳ፣ ና እስቲ።»

ከጀርባዋ ቆሞ አነበበ፤ ቀስ ብሎ አፏጨ። ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት። እስትንፋስ የሚከፈተው ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ የሚዘጋው ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ማሽኑ ግን የሐበሻ ሰዓት አያውቅም፤ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው። ለእሱ ሁለት ማለት ከሌሊቱ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ማለት ከቀኑ ስድስት ነው። እና በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ምሳ ሲቀርብለት፣ ማሽኑ እንደታዘዘው ቄራን ዘግቶ ጥሪውን በሙሉ የሌሊት ተረኛ ወደሚያድርበት መጋዘን ያዞራል።

«መጋዘኑ ሳይፈርስ እዚያ ውሎ የሚያነሳ ሰው ነበር» አለ ፊሮምሳ። «እያነሳ ለቄራ ይነግራል። ለዚህ ነው ያልታወቀው።»

«አሁን ግን መጋዘኑ ያ ነው» አለች፣ በመስኮቱ ወደ ሣሩ እያሳየች። «የተቆረጠ ሽቦ። ማዞሪያው ሽቦው ጫፍ ላይ ስልክ ይኑር ቋጥኝ ይኑር አያውቅም፤ ለደዋዩ ይጠራል።»

የጥሪ ዝርዝሩን አወረደች። ከዛሬ ስድስት ሰዓት ወዲህ አርባ አንድ ጥሪ። አርባ አንዴ ሣር ላይ ተደውሏል።

ትእዛዙን የያዘውን ቅጽ ከፋይሉ አወጣች፤ «የሥራ ሰዓት፦ ከ2 እስከ 12» ይላል። ያኔ ይህን ቅጽ ፊቷ አስቀምጣ ሰዓቷን እያየች ነበር የጻፈችው፤ አሥራ አንድ ደቂቃ። ሠላሳ ያህል ሠንጠረዥ አስገብታለች፤ ስድስት መቀነስና መጨመር ለእሷ እንደ ጫማ ማሰር ነው። ጫማውን ማሰሩን ግን ማን ያስታውሳል? የዚያን ቀን ሳታስር ወጥታ ይሆን? ቀኑን ደጋግማ አሰበችው፤ የሚታያት የደቂቃው ቁጥርና የራሷ ኩራት ብቻ ነው።

«የገጹን ታሪክ ላኩልኝ ብለሽ ጠይቂ» አለ ፊሮምሳ። «ማን መቼ እንደነካው ሠንጠረዡ ያለበት ማዕከል ጋ ይቀመጣል።»

«መቼ ይልካሉ?»

«ሲመቻቸው።»

ጥያቄውን ላከች። ከዚያ ለመልሱ ሳትጠብቅ 08:00 ብላ ጻፈች፤ 18:00 ብላ ጻፈች፤ የመጋዘኑን ቁጥር ሰርዛ የቄራውን የሌሊት ተረኛ አስገባች። ማሽኑ «ምክንያት» የሚል ባዶ ሣጥን አወጣባት። ሳይሞላ አያሳልፍም።

«‘የሲስተም ብልሽት’ በይው» አለ ፊሮምሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። አፍራህ፣ ሰኞ እኮ ነው።»

ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ቆመ። ጋሽ ፀሃዬ ከወለሉ ላይ ሆነው ያዩዋታል። ምን እንደምትጽፍ አይገባቸውም፤ የሚያዩት ገጹን ሳይሆን እሷን ነው።

«የሰዓት አቆጣጠር ስሕተት» ብላ ጻፈች። «ያስገባሁት እኔ፣ አፍራህ ዓብዱልቃድር።»

ተጫነችው። ስልኳን አንስታ አጭሩን ደወለች።

«እስትንፋስ፣ ሰብሊ ነኝ! አንቺ፣ ምን ነካሽው? በአንድ ጊዜ አራት ሰው እየደወለ ነው!»

«ሁሉንም አንሺ» አለች አፍራህ።

*

አቶ አምኃ ለእስትንፋስ ባለቤት የሚላከውን ደብዳቤ ረቂቅ ራሳቸው ጀምረውት ነበር። «በማዞሪያው በኩል በተፈጠረ ችግር ምክንያት» ይላል።

«በማዞሪያው በኩል ችግር የለም አቶ አምኃ። እሱ የተባለውን ነው ያደረገው።»

«ማን አለው?»

«እኔ። ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ብዬ እንዳለ ገለበጥኩት።»

አቶ አምኃ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ማንም አልጠየቀሽም። ማዞሪያው አይሰማ፣ አይከፋው። የሰው ስም ደብዳቤ ላይ ከገባ ግን ሰኞን እርሺው። በራሷ ጽሑፍ ደንበኛ ያስከፋች ልጅ ቋሚ አደረግኩ ብዬ ለቦርዱ መናገር አልችልም።»

«ገብቶኛል።»

«ዲግሪ ስለሌለሽ አይደለም።»

«እሱም ገብቶኛል» አለች፣ ነገሯን ሳታለሰልስ። «ዲግሪ ቢኖረኝማ ማዞሪያውን እከስ ነበር።»

እሷ ደብዳቤውን በአራት መስመር ጻፈችና ፈረመችበት። አቶ አምኃ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ የሚታረም አጡ። በመጨረሻ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመሩ፤ ማኅተም አሳርፈው ለተላላኪዋ ሰጡ። ከዚያ የሰኞውን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተው ወደ ሌላ ፋይል አዛወሩት። አፍራህ መሳቢያው ሲዘጋ ሰማችው።

*

ዘጠኝ ተኩል። ዘጠኝ ከአርባ። ጋሽ ፀሃዬ ወደ በራቸው ተመልሰዋል፤ አፍራህም ቦርሳዋን አንግታ አጠገባቸው ቆማለች። ሳዳምን ቃሊቲ ላይ የመኪና ጭንቅንቅ ይዞታል። አይናለም በየአምስት ደቂቃው ትደውላለች፤ መርፌው የት እንደደረሰ ትናገራለች፤ ትዘጋለች።

«ከምሳ ወዲህ አባባልዎን አልሰማሁም» አለች አፍራህ።

«እሱን የተናገርኩበት አፌ ይቃጠል።»

«ልክ ነበሩ እኮ። ስሕተቱ የኔ ነው። ሰዓቱን አሳስቼ አስገብቼው ነው።»

ጋሽ ፀሃዬ ቀና ብለው አዩዋት። አልተቆጡም፣ አይዞሽም አላሉም። በሩን ከፍተው አንድ መኪና አሳለፉ፤ ዘግተው ተመለሱ። «እዚያ ፎቅ ላይ ይህን ተናገርሽ?»

«በማኅተም።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ እንደ ማንኛውም ሰኞ ነው።»

አሥር ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ስልካቸው ጮኸ። አፍራህ ነጥቃ አነሳችውና ድምፁን ከፍ አደረገች። መጀመሪያ የተሰማው የብረት ግጭት ነው፤ ከዚያ የአንድ ወንድ «ያዢው፣ ያዢው፣ በግራ!» የሚል ድምፅ። ከዚያ ፉጨት። አየሩ ነው። ከዚያ አይናለም፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሳይለይ፦ «ገጠምነው አባዬ! ገጠምነው! እማዬ ‘ሰውዬው ምሳ በልቷል ወይ’ እያለች ነው!»

ጋሽ ፀሃዬ ቆባቸውን ፈልገው አደረጉ። ከዚያ አወለቁት። ከዚያ ደግመው አደረጉት።

አፍራህ ስልካቸውን መልሳላቸው መንገዱን ስትሻገር የራሷ ስልክ በኪሷ ነዘረ። የጠየቀችው ታሪክ ነው፤ ሲመቻቸው ይልካሉ የተባለው በሁለት ሰዓት ውስጥ ተልኮላታል። አዲሱ ሣር ዳር ቆማ ከፈተችው። ደብዳቤው ቄራ ደርሶ የተቀባይ ፊርማ እንዳረፈበት ተላላኪዋ ቀደም ብላ ጽፋላታለች።

አገልግሎቱ በተከፈተበት ቀን የተመዘገበ ሁለት መስመር ነው።

«10:11 — 08:00 እስከ 18:00። ያስገባችው፦ አፍራህ ዓብዱልቃድር። ምክንያት፦ አዲስ አገልግሎት።»

«10:52 — 02:00 እስከ 12:00። ያረመው፦ አምኃ፣ ሥራ አስኪያጅ። ምክንያት፦ አሥራ ስምንት ሰዓት የሚባል ሰዓት የለም።»